ቅሬታ ሰሚ አለ፤ አልጋ ድረስ የሚሄድስ?

የኢትዮጵያውያን በሕይወት የመኖር አማካይ ዕድሜ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ 65ን ተሻግሯል። ይህ ለውጥ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሰፈሮች አንዱ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሠራተኛ በጨርቃ ጨርቅና በብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሲሠራ ያረጀበት አቃቂ ቃሊቲ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ 181 ሺህ ገደማ ነዋሪ ተመዝግቦበታል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ፣ ከነዋሪው ስንቱ ጧሪ ቀባሪ እንደሌለው የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው።

የሕጉ ጉዞ የሚጀምረው በ1987 ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ሲያዝዝ፣ በአንቀጽ 55 ደግሞ የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲቋቋም ደነገገ። ተቋሙ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 ሲመሠረት ዓይኑን የጣለው በአስፈፃሚው አካል የአስተዳደር በደል ላይ ነበር። የአረጋውያን መጠለያዎች ግን በአብዛኛው የመንግሥት ሳይሆኑ የቤተ ክርስቲያን፣ የገዳማውያንና የበጎ አድራጊዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ተቃርኖ የበዛበት ነው። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አገደ። ስለዚህ በውጭ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ድርጅት አረጋዊን ማጉረስ እንጂ ስለ መብቱ መከራከር አይችልም ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በ2002፣ የመቄዶንያ የበጎ አድራጎት ማእከል በጥቂት አረጋውያን ተጀመረ፤ ዛሬ ከ7 ሺህ በላይ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል። በ2003 አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን የጡረታ ባለመብት ቢያደርግም፣ ያለ ቋሚ ውል ሲሠራ ዕድሜውን ለጨረሰው የቀን ሠራተኛ አልደረሰም። እንግዲህ አልጋው በፍጥነት በዛ፤ ቁጥጥሩ ባለበት ቆመ።

ማርሹ የተቀየረው በ2011 ነው። አዋጅ ቁጥር 1113 የገንዘቡን ገደብ አነሳ፤ የእንባ ጠባቂ ተቋሙ ማቋቋሚያም በአዋጅ ቁጥር 1142 ተሻሻለ። በ2012 ኢትዮጵያ የአፍሪካን የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል አጸደቀች። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 11 የመጦሪያ ማእከላት ዝቅተኛ መስፈርት እንዲያሟሉ ይጠይቃል። በ2013 ደግሞ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን መብቶችን የሚከታተል ኮሚሽነር ተሾመለት፤ በዘርፉ ዓመታዊ ሪፖርት ማውጣትም ጀመረ።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። እንባ ጠባቂ በራሱ ተነሳሽነት መመርመር ቢችልም ሥራው በዋናነት የሚነሳው ከአቤቱታ ነው፤ አቤቱታ ደግሞ እግርና አንደበት ይፈልጋል። አሜሪካ የዚህን ክፍተት መፍትሔ ገና እ.ኤ.አ. በ1972 ሞክራ፣ በ1978 እያንዳንዱ ግዛት በየመጦሪያ ቤቱ እየገባ ነዋሪውን የሚያነጋግር እንባ ጠባቂ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። በእነዚያ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና አሠራሩን ጠይቆ መረዳት አይከብድም። ጉብኝት ለእኛም አዲስ አይደለም፤ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የማረሚያ ቤት ታራሚን የመብት ተቆጣጣሪ መጎብኘት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በእያንዳንዱ የአረጋውያን ማእከል ሳያስታውቅ የሚገባና አልጋ ላይ ያለውን ሰው ለብቻው የሚያነጋግር ጎብኚ በሕግ ይመድብ፤ በጀቱንም አብሮ ያጽድቅ።