የአንድ ማሳ፣ የአንድ ዓመት ሻምፓኝ

ሻምፓኝ በአብዛኛው የቅልቅል ጥበብ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ የአየሩ ጠባይ ስለማይታመን፣ አምራቾች የብዙ መንደሮችንና የተለያዩ ዓመታትን ወይን ጠጅ ቀላቅለው ጣዕሙን ያመጣጥናሉ። አንዱ ዓመት ቢያሳፍር ሌላው ይክሰዋል።

አንጋፋው የሻምፓኝ አምራች ቤት ክሩግ ግን በ1971 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በሌ ሜኒል ሱር ኦዤ መንደር 1.84 ሄክታር የሆነ ማሳ በእጁ አስገባ። ማሳው ከ1698 ጀምሮ በግንብ የታጠረ ሲሆን፣ የሚበቅልበት ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይን ብቻ ነው። የ1979ን ምርት ከሌላ ሳይቀላቅል ለብቻው አሸገው፤ ክሎ ዱ ሜኒልም ተባለ።

ይህ ድፍረት ይጠይቃል። ውርጭ ወይም በረዶ ያቺን ቁራሽ መሬት ከመታት መካሻ የለም፤ ዓመቱ ካልሰመረ ጠርሙሱ ጭራሽ ገበያ አይወጣም። ትዕግሥቱም ቀላል አይደለም። ስኳርና እርሾ የተጨመረበት ወይን ጠጅ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቶ አረፋውን ይፈጥራል፣ ከዚያም ከእርሾው አተላ ጋር ይቆያል። ዓመቱ ለተጻፈበት ሻምፓኝ ሕጉ ቢያንስ 3 ዓመት ይጠይቃል፤ ክሎ ዱ ሜኒል ከ10 ዓመት በላይ ይተኛል። ዋጋው ቢያስደነግጥ አይገርምም።

ፈር ቀዳጁ ግን ክሩግ አይደለም። ፊሊፖና የተባለው ቤት ክሎ ዴ ጉዋስ የተባለውን ማሳ ምርት ለብቻው ማሸግ የጀመረው በ1935 ነው፤ 5.5 ሄክታር የሆነው ገደላማ ቁልቁለት ወደ ደቡብ የዞረ በመሆኑ ፀሐይ አይነፍገውም።