ዲ ሲሞላ

የሰርግ ቪዲዮ የሚቀናበርበት ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ሲ ላይ ናቸው፤ የደንበኛው ቀረጻ፣ ፎቶና ገና ያላለቀው ሥራ ዲ ላይ። ቶሎ የሚሞላውም ዲ ነው። ያኔ ትልቅ ዲስክ ይገዛና ብዙ ሰው ሁሉንም መርጦ ኮፒ ፔስት ያደርጋል። ፋይሎቹ ይሻገራሉ። ይሁን እንጂ የተፈጠሩበት ቀን በዛሬው ይተካል፣ ማን ምን መክፈት እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድም ይቀየራል። ኮፒው መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ የቱ እንደሄደ፣ የቱ እንደቀረ መለየት ትልቅ ጣጣ ነው።

ኢሜጅ ከዚህ ያድናል። ኢሜጅ ማለት የአንድ ዲስክ ወይም የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) ሙሉ ግልባጭ ሲሆን የተደበቁትን ፋይሎች፣ ቀናቱን፣ ፈቃዶቹንና የፋይሎቹን መዝገብ ሳይቀር እንዳሉ ይይዛል። ክሎንዚላን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ባዶውን ቦታ ዘለው ዳታ ያለበትን ብቻ ስለሚወስዱና ስለሚያምቁት ኢሜጁ ከዲስኩ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። የሚቀመጠው ግን ሦስተኛ ዲስክ ላይ፣ ለምሳሌ ኤክስተርናል ላይ ነው።

ግልባጩ ታማኝ ስለሆነ ጉድለትንም ይገለብጣል። መዝገቡ የተበላሸ ዲስክ ኢሜጁም የተበላሸ ነውና አስቀድሞ በቼክ ዲስክ መፈተሽ ያስፈልጋል። ጊዜውንም ማስላት ተገቢ ነው። በዩኤስቢ 2 የተገናኘ ኤክስተርናል ላይ 1 ቴራ ዳታ ለመጻፍ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ሰዓት መብራት እንደማይጠፋ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ዴስክቶፑን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ግድ ነው። ሲያልቅ ፕሮግራሙ ኢሜጁን እንዲያረጋግጥ ማዘዝ ይገባል። ይህን መዝለል ለእኔ ሥራውን በሙሉ ከመተው አይለይም።

ብዙዎች የሚደናቀፉት ኢሜጁ ወደ አዲሱ ዲስክ ሲመለስ ነው። አሮጌው ዲስክ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው ስልት ከሆነ አድራሻዎቹ የሚጻፉት በ32 ቢት ነው። እያንዳንዱ አድራሻ 512 ባይት ሲይዝ ጠቅላላው ከ2.2 ቴራ አያልፍም። ስለዚህ ዲስኩ እንዳለ ከተመለሰ አዲሱ 4 ቴራ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ሊሠራበት አይችልም። መፍትሔው አዲሱን አስቀድሞ ጂፒቲ በሚባለው ሌላ ስልት ከፋፍሎ ፓርቲሽኑን ብቻ መመለስ ነው። ሁለተኛ ዲስክ እዚህ ላይ ይመቻል፤ ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከእሱ ስላልሆነ ስልቱ ቢቀየር ዊንዶውስ አልነሳም አይልም።

ዲስኩ እንዳለ ከተመለሰ ሌላም ችግር ይመጣል። ግልባጩ የአሮጌውን መለያ ቁጥር ጭምር ስለሚወስድ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። ይህን ያየ ሰው አዲሱ ዲስክ ብልሽት አለው ብሎ ወደ ሱቁ ሊመልሰው ይችላል። መጀመሪያ አሮጌውን ነቅሎ ማየት ይበጃል።

ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ይከፈታል። ፓርቲሽኑ በቀድሞ መጠኑ ይታያል፤ ትርፉ ቦታ በስተቀኙ በጥቁር ተለይቶ ይቀመጣል። ፓርቲሽኑን በቀኝ ክሊክ ነክቶ ኤክስቴንድ ቮልዩም ማለት ሁለቱን ያዋህዳል። ፊደሉም ዲ መሆኑ ይታይ። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ቀረጻን የሚያገኘው በአድራሻው ነውና፣ ፊደሉ ኢ ከሆነ ቅንብሩ ሲከፈት ቀረጻዎቹ የሉም ይላል። ፊደሉ ሲስተካከል ሁሉም በቦታው ይገኛል።

አሮጌውን ዲስክ ወዲያው ፎርማት ማድረግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድ ትልቅ ቅንብር ተከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታይ፤ ከየዓመቱ ፎልደር ጥቂት ፋይሎች ይከፈቱ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም አሮጌው ጤነኛ ከሆነ ስምና ቀን ተጽፎበት ከስቱዲዮው ውጭ፣ ሌላ ቤት ይቀመጥ።