ስለ ሰው ሠራሽ ሣር «መጋጠሚያ»

እ.ኤ.አ. በ1966 በሂውስተን ከተማ በአስትሮዶም ስታዲየም የተነጠፈው የፕላስቲክ ሣር «አስትሮተርፍ» የሚለውን ስም ያገኘው ከስታዲየሙ ነው። ይህ ግን የንግድ ስም ስለሆነ ለዕቃው ሁሉ «ሰው ሠራሽ ሣር» ይበቃናል። ዛሬ በዚያች ሞቃትና ወበቃማ ከተማ በመኖሪያ ግቢዎችም ይነጠፋል።

አስቸጋሪው ሁለት ንጣፎች የሚገናኙበት መሥመር ስያሜ ነው። «ስፌት» ለአፍ ይቀላል፤ እኛ ግን «መጋጠሚያ»ን መርጠናል። በግቢ ሣር አብዛኛውን ጊዜ መርፌና ክር የለበትምና፤ ንጣፎቹ የሚያያዙት ከሥር በተዘረጋ ጥብጣብ ላይ በሙጫ ነው። «ስፌት» የተባለ ጠጋኝ ክር ይፈልጋል፤ ችግሩ ያለው ግን ከሙጫው ዘንድ ነው። ፕላስቲክ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ስለዚህ በቀትር የተጋጠመው ሌሊት ሊከፈት ይችላል። ማለዳ ደግሞ ጤዛና ርጥበት ስላለ ሙጫው በደንብ አይዝም። እንግዲህ መጋጠሚያ የሚጠገነው ንጣፉና መደቡ ከደረቁ በኋላ፣ ሐሩሩ ሳይበረታ ነው።

ለሚተካው ቁራጭ ግን፣ ልብስ ሰፊዎች ቢስቁብንም፣ «እራፊ»ን ወስደናል፤ ሥራው ያው ነውና። የእራፊው ክሮች ከነባሩ በተለየ አቅጣጫ ከተኙ ቀለሙ ሌላ መስሎ ይታያል፤ ይህን አቅጣጫ «አተኛኝ» ብለነዋል።