የቁርጥማት መድኃኒትና የሀራሙስ ፀሐይ

ከደጋው አገራችን ወርደው በጂቡቲ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን የባሕር ዳሩን ሰፈር ሀራሙስን ያውቁታል። ጂቡቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ ልክ በአናት ላይ ታልፋለች።

ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይትስ የሚሉት የአንጓ ቁርጥማት ያደረባት እመቤት በዚህ ስፍራ ስለ መድኃኒቷ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሜቶትሬክሴት፥ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን፥ ማስታገሻው ናፕሮክሰንም ጭምር፥ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ የሚቃጠል ሊያደርጉት ይችላሉ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም የሚሉ አሉ፤ ጥቁረቱ ይረዳል እንጂ ፈጽሞ አይከላከልም። እንዲያውም ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ፥ ማቃጠሉንና ማሳከኩን ልብ ማለት ይሻላል።

እንግዲህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት በጥላ መቆየት፥ ሽመናው ጠበቅ ያለ ባለ ረዥም እጅጌ ልብስ መልበስ ይገባል። የምንወዳት ስስ ነጠላ ጨረሩን ታሳልፋለችና አትበቃም። ጃንጥላም ቢሆን ከአሸዋውና ከባሕሩ የሚያንጸባርቀውን አይመልስም፤ ስለዚህ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየ2 ሰዓቱ ፊትንና እጅን መቀባት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ግን ስለ ውሃ ነው። ሜቶትሬክሴት በኩላሊት በኩል የሚወጣ በመሆኑ፥ ሰውነት በላብ ብዛት ሲደርቅ በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። ትውከት ወይም ተቅማጥ ቢጨመርበት ሳይዘገዩ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አንጓውን ዳግመኛ ያሳብጣል፤ ገላ የተቃጠለ እንደሆነ ግን የሚቀጥለው ሳምንታዊ መጠን ከመወሰዱ በፊት ለሐኪም ይታይ።