የማይፋቅ መዝገብና የባለበጉ ምስጢር

ንግድ በመተማመን ይቆማል፤ መተማመንም በመዝገብ ይጸናል። የዕቃን ጉዞ ከአምራቹ እስከ ገዢው ለመከታተል ከሚያገለግሉት አዳዲስ መሣሪያዎች አንዱ ብሎክቼይን የሚባለው መዝገብ ነው። አንድ ዐይነት ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ፥ አንድ ጊዜ የተጻፈውን በስውር መለወጥ ወይም መፋቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ከሠራው ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግም ቡና የበቀለበት ማሳ ያለበት ቦታ እንዲመዘገብ ያዛል።

በግ በዚህ ሕግ ውስጥ አይገባም። ሆኖም በመንዝ፥ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የማኅበረሰብ በግ ማሻሻያ ሥራ የግልገሎች የትውልድ ሐረግና ክብደት ይመዘገብ ጀምሯል። ይህን የመሰለ መዝገብ ወደ ብሎክቼይን ቢዛወር ምን መጠንቀቅ ይገባል?

ገዢው የበጉን ዝርያ፥ ዕድሜና ክትባት ቢያውቅ ይጠቀማል። የባለቤቱን ስም፥ የስልክ ቁጥርና የመንጋ ብዛት ማወቅ ግን አያስፈልገውም። እነዚህ ከተገለጡ ስንት በግ እንደ ቀረው የታወቀበት ገበሬ በደላላ ፊት የመደራደር ኀይሉን ያጣል፤ የሌባም ዐይን ያርፍበታል።

ከዚህም በቀር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለባለመረጃው የተሳሳተውን የማሳረምና መረጃውን የማሰረዝ መብት ሰጥቶታል። የማይፋቅ መዝገብ ከዚህ መብት ጋር እንዳይጋጭ መፍትሔው የሰውን ስም በብሎክቼይን ላይ አለመጻፍ ነው። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ቦርድም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ መክሯል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስምና አድራሻ በማኅበሩ ዘንድ በሚጠበቅ ተራ መዝገብ ይቀመጣል፤ በብሎክቼይኑ ላይ የሚጻፈው ሃሽ የሚባል፥ ከመረጃው የወጣ የፊደልና የቁጥር ማኅተም ብቻ ነው። ነገር ግን ማኅተሙ ብቻውን አይበቃም። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር የሚቀሩት 8 አኃዞች ስለ ሆኑ፥ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች 100 ሚሊዮን ናቸው፤ ኮምፒውተርም ሁሉንም በአጭር ጊዜ ሞክሮ ባለቤቱን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ማኅተሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ የሆነ ረዥም ምስጢራዊ ቁጥር በመረጃው ላይ ይጨመራል። ባለቤቱ እንዲሰረዝ በጠየቀ ጊዜ ስሙና ምስጢራዊው ቁጥር ከማኅበሩ መዝገብ ይጠፋሉ፤ የቀረው ማኅተም የማን እንደ ነበረ መለየት ያዳግታል።

እንግዲህ ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ጋር የሚነግዱ ነጋዴዎችና ማኅበራት እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብላቸው ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ በመዝገቡ ላይ ምን ይጻፋል? ማን ያነበዋል? ምስጢራዊውን ቁጥርስ ማን ይጠብቃል? መልሱ በውሉ ውስጥ በግልጽ ካልሰፈረ ፊርማው ይቆይ።