የቁልቁለት ስኪ ጫማና የቅልጥም ሕመም



ስለ በረዶ መንሸራተቻ ጫማ እዚህ ቆሜ መናገሬ ግር ያሰኛችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ የዚያ ጫማ ቀላል ነው፣ ተረከዝም ከስኪው ይነሣል። የእኔ ርእስ ግን የቁልቁለቱ ጫማ ነው። የመረጥሁትም ሰውነት ኃይልን እንዴት እንደሚቀበል በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ደግሞም በራሴ እግር ተምሬዋለሁ።

ለዶክትሬት ትምህርት ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ በነበርሁበት ጊዜ ጓደኞቼ ወደ ተራራ ወሰዱኝ። ብርዱን ፈርቼ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደረብሁ፤ ጫማውንም እንዲመቸኝ ብዬ ከልኬ የሰፋ ተከራየሁ። ቀትር ሳይደርስ ቅልጥሜ ሱሪ እንኳ ሲነካው የሚያቃጥል ሆነ። ጫማው የጠበበኝ መስሎኝ ዘለበቶቹን አላላሁ። ሕመሙ ባሰ።

የዚህ ምክንያት በጫማው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ቀድሞ ከቆዳ ይሠራ የነበረው ጫማ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት ተተካ። ቅርፊቱ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ስለያዘ በዚያ መገጣጠሚያ ላይ ይደርስ የነበረው ጉዳት ቀነሰ፤ ኃይሉ ግን አልጠፋም፣ ወደ ላይ ተሻገረ። ተንሸራታቹ ስኪውን የሚመራው ጉልበቱን አጥፎ ቅልጥሙን በጫማው ምላስ ላይ በመጫን ነው። የቅልጥም አጥንት ደግሞ ከፊት፣ በውስጥ ወገን፣ ጡንቻ አያለብሰውም። ከቆዳው ሥር ያለው የአጥንት ልባስ ነው፤ እርሱም ሕመም የሚሰማው ክፍል ነው።

ቅልጥም ከምላሱ ሳይለይ ከተቀመጠ ግፊቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ክፍተት ሲኖር ግን እግር በእያንዳንዱ ጉብታ ወደ ኋላ ሄዶ ተመልሶ ይጋጫል፤ ግፊት የነበረው ምት ይሆናል። ጀማሪ ፈርቶ ወደ ኋላ ሲያጋድልም የሚሆነው ይኸው ነው። ዘለበቱን ማላላቴ እንግዲህ መዶሻውን ከሚስማሩ ማራቅ ነበር።

ሯጮች የሚያውቁት የቅልጥም ሕመም ከዚህ ይለያል። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ በአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ፣ ወደ ታች በኩል የሚሰማና ከድካም ክምችት የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት አይጠቅምም። ለጫማው ሕመም ዕረፍትና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጊዜው ያስታግሳሉ። መንስኤው ግን ካልተነካ በማግስቱ ይመለሳል። አንድ ስስ ረጅም ካልሲ ይበቃል፤ የውስጥ ሱሪ ጫፍ ጫማው ውስጥ አይገባም። ጫማው ሲታሰርም ተረከዝን ወደ ኋላ መትቶ ካስቀመጡ በኋላ ጉልበትን አጥፎ አስቀድሞ የላይኛውን ዘለበት መቆለፍ ይገባል።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት መታለፍ የለበትም፤ ስኪ ያማል እየተባለ ብዙ ሰው ይታገሣልና። ጫማው ከወለቀ በኋላም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ እግሩ ተወጥሮ እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ ከደነዘዘ ወይም አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተ፣ በጡንቻ ክፍሎቹ ውስጥ ግፊት ጨምሮ የደም ዝውውርን እያገደ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻና ነርቭ ሊገድል ስለሚችል ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ሕመሙ በአጥንቱ ላይ በአንዲት ነጥብ ብቻ ሲጸናም ስብራት መኖር አለመኖሩ ይመርመር።

የጫማውን ልክ መፈተኛ ዘዴ ያሳየኝ አብሮኝ የሚማር የአገሩ ልጅ ነው። የውስጡን ለስላሳ ልባስ አውጥቶ እግሬን በባዶው ቅርፊት አስገባ፤ ጣቶቼ ፊቱን ለስለስ አድርገው ሲነኩ ከተረከዜ ኋላ የሚተርፈው ከአንድ እስከ ሁለት ጣት ብቻ መሆን ነበረበት። የእርሱ ሦስት ጣቶች ያለ ችግር ገቡ። ጠባቡን ጫማ ተከራይቼ ከሦስት ቀን በኋላ በአንድ ካልሲ ወደ ተራራው ተመለስሁ።