በጣና ዳር ስለሚታዩት እንግዶች ወፎች

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በደምብያና በፎገራ፥ በጎጃምም በኩል ባለው በጣና ዳር፥ በሰኔ ያልነበሩ ብዙ ወፎች ይታያሉ። ሚያዝያ ሲያልቅም አብዛኞቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሕፃናት «ወዴት ሄዱ?» ብለው ቢጠይቁ መምህሩ የሚመልሰው ያገኝ ዘንድ ነገሩን በአጭሩ እንገልጻለን።

ከነዚህ እንግዶች አንዲቱ በውኃ ዳር የምትሮጠው ትንሽ ወፍ ናት፤ ፈረንጆች ሳንድፓይፐር ይሏታል። ርዝመትዋ 20 ሳንቲሜትር፥ ክብደትዋም 50 ግራም ያህል ነው። ጀርባዋ ቡናማ፥ ሆድዋ ነጭ ነው። የምትታወቅበትም ምልክት ቆማ ሳለች ጅራትዋን ከፍ ዝቅ ማድረግዋ ነው፤ ስትበርም ከውኃው ሳትርቅ ዝቅ ብላ ትበራለች። ምግብዋ በጭቃና በድንጋይ መካከል የሚገኙ ትላትልና ተባዮች ናቸውና የገበሬውን እህል አትነካም። ከርስዋም ጋራ ዘመዶችዋ ይመጣሉ። ከነርሱም አንዲቱ ጀርባዋ የጠቆረ ናት፤ ይህችም በአገርዋ ሌላ ወፍ በተወው የዛፍ ላይ ጎጆ እንቍላልዋን ትጥላለች።

የትውልድ አገራቸው የአውሮፓ ሰሜንና የመስኮብ አገር ነው። በዚያ በበጋ ቀኑ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ ተባይ ይበዛል፤ እናቲቱም ብዙ ጊዜ 4 እንቍላል ጥላ ጫጩቶችዋን ታሳድጋለች። የብርዱ ወራት ሲመጣ ግን ውኃው በረዶ ይሆናል፥ ጭቃውም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የወፊቱም አፍ ሊወጋው አይችልም። እንግዲህ ከአገርዋ የሚያስወጣት ብርዱ ብቻ ሳይሆን ረኃቡ ነው። ከጕዞዋ አስቀድማ ብዙ በልታ በሰውነትዋ ውስጥ ስብ ታከማቻለች፤ ይህም ስንቅዋ ነው። ይልቁንም በሌሊት ትጓዛለች፤ ፀሐይና ከዋክብት የምድርም የማግኔት ኃይል መንገዱን ያመለክቷታል።

ይህ ሁሉ በምን ታወቀ ቢሉ፥ መንገዱን የከፈተው አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው። በ1899 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ አገር መምህር ቍጥር የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ አሰረ። በዘመናችን ደግሞ በሳተላይት የሚታይ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል፤ ክሬን የተባለው ረጅም አንገት ያለው ግራጫ ወፍም ከኤስቶንያ ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ እንደሚመጣ በዚህ ተረጋግጧል።

ክሬን ግን እንደ ትንሺቱ ወፍ አይደለም፤ በታጨደው ማሳ የወደቀውን እህል ይለቅማል፥ አንዳንድ ጊዜም የተዘራውን ያበላሻል። ገበሬው ማሳውን ቢጠብቅና ጮኾ ቢያባርረው ተገቢ ነው። ነገር ግን እህል የማይነካውን ከሚነካው ሳይለዩ ሁሉን በወንጭፍ መግደል ዕውቀት የጐደለው ሥራ ነው።

ከወንጭፍ ይልቅ የሚበረታው ጥፋት የረግረጉ መጥፋት ነው። ጨፌው ታርሶ ደንገሉ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፥ ከ2004 ዓ. ም. ወዲህም የታወቀው እምቦጭ የውኃውን ዳር ሲሸፍነው፥ ከሩቅ አገር ደክማ የመጣችው ወፍ የምትመገብበትን ጭቃ ታጣለች። ያው ረግረግ የጐርፉን ውኃ የሚያቈይ፥ ደለሉን የሚያስቀር፥ ዓሣው የሚራባበት ስለ ሆነ ጕዳቱ ለሰውም ነው። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ. ም. በዩኔስኮ መዝገብ የተጻፈ ጥብቅ ስፍራ ቢሆንም፥ መዝገቡ ያለ ነዋሪው ትጋት ብቻውን አይጠብቀውም።

ስለዚህ መምህሩ አንድ ደብተር ያዘጋጅ። ወፎቹ መጀመሪያ የታዩበትን ቀን፥ የሄዱበትንም ቀን፥ መልካቸውንና ቍጥራቸውን ከተማሪዎቹ ጋራ በየዓመቱ ይጻፍ። ቀለበት ያለበት የሞተ ወፍ ቢገኝ፥ በቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት ሁሉ ገልብጦ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያስታውቅ። ሽማግሎችም በልጅነታቸው ጨፌው እስከ የት ይደርስ እንደ ነበረ ለልጆቹ በእግር ሄደው ያሳዩ፤ ይህን የሚያውቅ ከነርሱ በቀር ሌላ የለምና፥ እነርሱ ሳሉ በዚያው ደብተር ይጻፍ።